ባዶው ሲሊንደር

ጂንካ፣ ግንቦት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልጄ ሽመልስ፣

እንደምን ሰነበትክ? የቱርሚ ሙቀት አቀለጠህ ወይስ ተስማማህ? እኛ ደህና ነን። ላሞቹ ደህና ናቸው። ዝናቡም ደህና አድርጎ ጥሏል፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ነው። ያንተን ክፍል እስካሁን አላከራየሁትም። ማሰልጠኛው ስታስተምር ስንት ዓመት የኖርክበትን ቤት ለማላውቀው ሰው መስጠት አስጠላኝ።

ጽሕፈቴ ከተጣመመብህ ይቅር በለኝ። ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ የጎሳዬ ሚስት ቤዚ እንደነበረች ታውቃለህ። ይሄኛውን ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኳት ፊደል ራሴ እየተንደፋደፍኩ ጻፍኩት። ቤዚ ሥራ በዝቶባት ነው።

ስለ ምድጃዬ ጠይቀሃል፣ እሳቱ ሰማያዊ ነው ወይስ ቢጫ ብለህ። ሰማያዊ ነበር። የፋሲካ ጠላዬን አሻሮ የቆላሁት፣ አረቄውንም ያወጣሁት በሱ ነው። ዓይኔ ጭስ ሳያይ በዓሉን ዋልኩ፣ አንተንም መረቅኩህ። አሁን ግን ለጊዜው ወደ እንጨት ተመልሻለሁ። ምድጃው እኔ ጋ የለም፣ እድሩ ወስዶታል።

ጋሽ ፋንታሁን ማረፉን ሰምተህ ይሆናል። ብዙ ሰው ቀበረው። የለቀስተኛው ንፍሮ ሲቀቀል ትንሽ እሳት ነገር ተነስቶ እታለምን ነካ አድርጓት ነበር፤ ይሻላታል ይላሉ። አንተ ሐሳብ አይግባህ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ምድጃውን ስትሠራልኝ «ከእንግዲህ በሲሊንደር አይሠራም» ብለኸኝ ነበር። ቢገናኝ ምን ይሆናል?

ተዋበች


ቱርሚ፣ ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ያልለመዱኝ የወረዳው የውሃ ፓምፖች ናቸው፤ አንዱን ጠግኜ ሳልመለስ ሌላው ይቆማል። መልሴ የዘገየው በዚህ ነው ብልዎት ግን እውነት አይሆንም። የመጨረሻ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ይዤው ስዞር ሰነበትኩ።

ባሮክ አይሱዙውን አቁሞ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ «የጂንካውን እሳት ሰማህ?» አለኝ። እርስዎ «ትንሽ እሳት ነገር» ያሉት ሰው ሆስፒታል ያስተኛ እሳት ነው ለካ። ባሮክ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ሙሉውን እርስዎ ይንገሩኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ያ ምድጃ ከአንድ ሎጅ የተጣለ፣ ደጅ ላይ በሲሊንደር የሚሠራ ምድጃ ነበር። የሲሊንደር ጋዝ ታምቆ የሚመጣ ስለሆነ የሚወጣባት ቀዳዳ፣ እኛ ጂግለር የምንላት፣ የመርፌ ቀዳዳ ታህላለች። የእርስዎ ጋዝ ደግሞ የላሞቹ እበትና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ከሚገባበት ጉድጓድ የሚመጣ ነው፣ ጉልበት የለውም፤ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ድስት አያፈላም። ስለዚህ ጂግለሯን በመሰርሰሪያ ፑንታ ሰርስሬ አሰፋኋት። ለጉድጓዱ ጋዝ ልክ ናት። የሲሊንደር ጋዝ በዚያ ቀዳዳ ከወጣ ግን ነበልባሉ ድስቱን አልፎ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይይዛል።

ይህን ያኔውኑ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ካስፈራራሁዎ ምድጃውን አይነኩትም፣ ተመልሰው ጭስ ውስጥ ይገባሉ ብዬ «አይሠራም» በምትል ቃል አለፍኩት። ባዶ ሲሊንደር ፈልጌ አጠገቡ ያቆምኩትም እኔው ነኝ። ሰው «የተዋበች ጠላ በሽንት ቤት ጋዝ ነው የሚጠመቀው» እንዳይል ብለን፣ ሲሊንደሩን ቀለም ስቀባው ሁለታችንም በሳቅ ፈርሰን እንደነበር አስታውሳለሁ።

እባክዎ ይንገሩኝ፣ ሙሉ ሲሊንደር ያገናኘው ማን ነው?

አክባሪዎ ሽመልስ


ጂንካ፣ ግንቦት 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሽመልስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ተቀምጠህ አንብበው።

ያገናኘው ጎሳዬ ነው። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እሱ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ድንኳኑም ብረት ድስቱም በእጁ ነው። የቀብሩ ዕለት እንጨቱ ሁሉ ርሶ ንፍሮው አልፈላ ሲል እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ለቀስተኛው ከመቃብር ሳይመለስ ምድጃዎን ይስጡኝ» አለኝ። ለለቅሶ ቤት ዕቃ የሚከለክል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሲሊንደሩን ብድግ ሲያደርገው ቀለለው። «አልቋል እኮ!» አለኝ። «አዎ፣ አልቋል» አልኩት። ውሸቴ ይቺው ናት። እሱም ከአንድ ሆቴል ሙሉውን ተውሶ መጣ።

አይሠራም ስላልከኝ፣ ሞክረው እምቢ ሲላቸው ይተዉታል ብዬ ነበር። ይሄን ለራሴ ስነግረው ሰንብቻለሁ። ግን ልቤ ደስ አላለውም ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። ጎማውን ሲያገጥም እዚያው ቆሜያለሁ። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። የእድሩ ሊቀመንበር የወንድይፍራው ሚስት አጠገቤ ቆማለች፤ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ካመጣሁት ጠላ ቀድታ እየጠጣች፣ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ የጠራ ጠላ የት ይገኛል» ትለኛለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እታለም ድስቱን ልታማስል ጎንበስ ብላ ነበር። ሁለት እጇንና አንገቷን ነው ያቃጠላት። ጎሳዬ ጋቢውን አውልቆ ጠቅልሎ አጠፋላት፣ የሱም ቅንድብ የለም። አሁን ከሆስፒታል ወጥታለች። ጣቶቿ እንደ ድሮው ይታጠፉ እንደሆነ ግን ሐኪሙም አላወቀም። ስፌት ሰፍታ የምትኖር ሴት ናት፤ ያለ ጣት ምን ልትሆን ነው?

እድሩ ተሰብስቦ «ጎማውን በደንብ ሳያጠብቅ ለኮሰው» ብሎ ጎሳዬን ከዕቃ ጠባቂነቱ አወረደው። ያን ያህል የብየዳ ሰው፣ አሁን በር እንኳን የሚያሠራው ጠፋ። ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ቤዚ የት እንደገባ አትናገርም። እኔ ቤት ግን መምጣቷን አልተወችም። «እትዬ፣ ለቲቸር ደብዳቤ ልጻፍልዎ?» ትለኛለች። ሥራ በዝቶባት ነው ያልኩህ ውሸት ነበር።

ምን ላድርግ? ብናገር ጠላዬን የሚቀምስልኝ የለም፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው፣ ሌላ ሥራ አላውቅም። ባልናገር ደግሞ ሰውየው በእኔ ኃጢአት ከአገር ወጥቷል። አንተ ተምረሃል፣ ምከረኝ።

ተዋበች


ቱርሚ፣ ሰኔ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እታለምን ስታማስል እያየኋት ነው የሰነበትኩት። ይቅርታ ማለት አፌ ላይ አነሰብኝ።

ምክሬን ጠይቀውኛል። አሁን አይናገሩ። ቢናገሩ የእታለም ጣት አይድንም፣ የእርስዎ ቤት ግን ይዘጋል። እድሩም ቢሆን ለጊዜው ነው የተቆጣው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ይረሳዋል። ጎሳዬ እጁ ሙያ ያለው ሰው ነው፣ የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም። ምናልባት አግኝቶም ይሆናል። ለጊዜው ዝም ማለት ለሁሉም ይሻላል።

እኔም ግምገማ ላይ ነኝ። ማሰልጠኛው እያለሁ ያለፈቃድ ከወርክሾፕ መሰርሰሪያ አውጥቼ የሰው ምድጃ እንደቀየርኩ፣ ያም ሰው እንዳቃጠለ ከተሰማ ምን እንደሚከተል ያውቁታል። ይህን የምመክርዎ ራሴን ለማትረፍ አይደለም ብዬ ልምልልዎ ብዕር አነሳሁና አልቻልኩም።

በባሮክ እጅ የሐመር ማር ልኬያለሁ። ለእታለም ይስጡልኝ። ከእኔ መሆኑን ግን አይንገሯት።

ሽመልስ


ጂንካ፣ ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሽመልስ፣

ዛሬ እንደምን አለህ አልልህም። ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ።

ማርህን ለእታለም ሰጠኋት፤ ልጇ በማንኪያ አጎረሰቻት። «ማን ላከልኝ?» ስትለኝ «ከቱርሚ ነው» አልኳት። ይኼኔ ቤዚ አጠገባችን ተቀምጣ ኖሮ ፊቷ በራ። «ቲቸር ሽመልስ ነዋ! ከእሱ ሌላ ማን አለን» ብላ እዚያው ሁሉን ዘረገፈችው። ጎሳዬ ቱርሚ ነው። አንተ ቤት ነው። አንተው አስጠግተኸው፣ አንተው ሥራ አፈላልገህለት፣ ካንተው ገበታ እየበላ ነው። «እግዜር በላይ በላዩ ይስጠው» እያለች መረቀችህ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

«ምናልባት አግኝቶም ይሆናል» አልከኝ! ያን ስትጽፍ ሰውየው በየትኛው ጥግ ነበር የተቀመጠው? ወጥ እየቀዳልህ ነበር?

እኔ ክፉ ሠርቻለሁ፤ አልክድም። ግን እኔ ቤዚ በመጣች ቁጥር እሳቀቃለሁ፣ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ሰበብ ፈጥሬ ጓዳ እገባለሁ። አንተ እንዴት ብለህ ነው ከሰውየው ጋር አንድ ትሪ ላይ የምትቀርበው? በል እንዴት እንደሚቻል ንገረኝና እኔም ልቻለው።

እድሩ ሰኔ 19፣ እሑድ ይሰበሰባል። ተነስቼ እናገራለሁ። ጠላዬም ይቅር። ከዚያ በኋላ ወሬው በመጀመሪያው መኪና ቱርሚ ይገባል። ከሹፌር አፍ ሳይሰማው አንተ ንገረው። ከዚህ ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ተዋበች


ቱርሚ፣ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

እትዬ፣

ያሉኝ ሁሉ ይገባኛል። አንድም ቃል አልበዛብኝም።

እንዴት እንደሚቻል ጠይቀውኛል። አይቻልም። ጎሳዬ የመጣው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው፣ የመጀመሪያ መልሴን ከላክሁልዎ በኋላ። ቅንድቡን ሳየው አወቅኩ። ለአንድ ሆቴል አጥር ሥራ አስገባሁት። ብየዳውን ግን አልነካም አለ፣ ድንጋይ እየተሸከመ ነው። እሳት አይለኩስም፣ እትዬ። እኔ ፓምፕ ጥገና ወጥቼ ካመሸሁ ከሱቅ ብስኩት በልቶ ይጠብቀኛል እንጂ ክብሪት አይነካም። ስቶቩን ስለኩስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ከባዱ ግን ይህ አይደለም። እንደመጣ ሰሞን «ቲቸር፣ እርስዎ ያውቁታል፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ጠየቀኝ። እኔም... «መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈትሸኸዋል?» አልኩት። ምድጃው ላይ ምን እንደሠራሁ እያወቅኩ። «የፈተሽኩ ይመስለኛል» አለ። «ይመስለኛል ወይስ ፈትሸሃል?» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያሰበ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከምግብ መሃል ቀና ብሎ «ሳሙናውን ከቤዚ ተቀብያለሁ፣ መቀባቴን ነው ማስታወስ ያቃተኝ» ይለኛል። የሠራውን ሥራ ከራሱ ላይ ሰረቅኩት።

ትናንት ልነግረው ተቀመጥኩ። ስለ ፓምፕ አውርቼ ተነሳሁ። እሑድ ሳይደርስ እነግረዋለሁ። ይመኑኝ ለማለት ፊት የለኝም።

ሽመልስ


ጂንካ፣ ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሽመልስ፣

እንደምን አለህ? ዛሬስ ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

ተናገርኩ። መጀመሪያ የመዋጮው፣ ከዚያ የድንኳኑ ነገር ተነስቶ ሊበተኑ ሲሉ ተነሳሁ። «ያ እሳት የጎሳዬ አይደለም፣ የእኔ ነው» አልኳቸው። ጉድጓዱን፣ ሽንት ቤቱን፣ የተሰረሰረውን ቀዳዳ፣ ባዶውን ሲሊንደር፣ አልቋል ማለቴን፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲያገጥም እያየሁ ዝም ማለቴንም አልዘለልኩም።

ወንድይፍራው ምን ብሎ የጠየቀኝ ይመስልሃል? «እንግዲያ ለማኅበር የጠጣነው ጠላስ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። የቀሩት ግን ጎሳዬ ወደ ቦታው እንዲመለስ ወሰኑለት፤ ቃለ ጉባኤም ተያዘ። ስለ እኔ ምንም አልወሰኑም። መወሰንም አላስፈለጋቸው፤ የቅዳሜ ደንበኞቼ እንስራዬን አልፈው ሲሄዱ አያለሁ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ይቅር። እታለም ነበረች። ከኋላ ተቀምጣ ኖሮ «ጎንበስ ስል እያየሽኝ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ እጇ እንደታሸገ ስለሆነ ማንሳት አልቻለችም። ላነሳላት ጠጋ ስል ፊቷን አዞረች። ልጇ መጥታ እስክታለብሳት ድረስ እንደዚያው ሆና ቆየች። እኔም እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ።

ስምህን አላነሳሁም። «ማን ሠራልሽ?» ሲሉኝ «ያሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ያንን አንተው ራስህ መጥተህ ታነሳዋለህ።

ነገርከው? ጽሕፈቴ ተሻሻለ አይደል? ቤዚ ከእንግዲህ አትጽፍልኝም። ትናንት መንገድ ላይ አልፋኝ ሄደች።

ተዋበች


ቱርሚ፣ ሰኔ 25 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፣

ቅዳሜ ነገርኩት፣ እርስዎ ከመናገርዎ አንድ ቀን ቀድሜ። ቀደምኩ ስል አፈርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጻፍኩት ግን ዛሬ ነው፤ እስከ ዛሬ ስለ ራሴ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር።

ጂግለሩን ነገርኩት። በምን ያህል ፑንታ እንደሰረሰርኩት ሳይቀር ነገርኩት፣ የሚገባው ሰው ነውና። ስለ ሳሙናው ስጠይቀው ሁሉን አውቅ እንደነበርም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ይመታኛል ብዬም ነበር፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ቅንድቡ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ «ክብሪቱን ያቀብሉኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ስቶቩን ለኮሰ። ሻይ አፈላ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዳና እሳቱን ፊት ለፊት እያየ ጠጣው። ለእኔ አልቀዳልኝም። ሲጨርስ ብርጭቆውን አጠበና «ሳሙናውን ቀብቼ ነበር፣ ቲቸር» አለኝ። «ሁለቱም መጋጠሚያ ላይ። አንድም አረፋ አልወጣም።» ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲያ በስሜም አልጠራኝም።

በሚመጣው የእድሩ ስብሰባ ተገኝቼ ስሜን ራሴ እናገራለሁ። ከግምገማው የሚመጣው ይምጣ። እታለም ቤትም እሄዳለሁ፤ በር ላይ ብትመልሰኝም ሄጄ ልመለስ።

ይህን ደብዳቤ በባሮክ ልልከው ነበር። ጎሳዬ ወደ ጂንካ ሊመለስ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አየው። ለማን እንደሆነ አወቀ። «ስለ አንተ ነው የጻፍኩት፣ ልታነበው ትችላለህ» አልኩት። «ያሽጉት፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አለኝና በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ስለዚህ በርዎን የሚያንኳኳው እሱ ነው። እባክዎ ጓዳ አይግቡ።

ሽመልስ